ኩባንያው አባቴን የፈተነ ዕለት

አክስቴ ነዳጅ ማደያ ልክፈት ብላ የተነሳችው አገር ምድሩ ቤንዚን በራሽን በሚቀዳበት ዘመን ነው። ሰው መኪናውን ግቢው አቁሞ በእግሩ ሲሄድ፣ እሷ ከጉርድ ሾላ አለፍ ብሎ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር ማደያ ትከፍታለች። «አበድሽ እንዴ?» ሲሏት፣ «ቤንዚን ባይኖር ላምባ ይኖራል፤ ላምባም ባይኖር ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ አያጣ» ትላለች። ሟች ባሏ ዕድሜውን በአሰብ መንገድ የጨረሰ የቦቴ ሾፌር ነበርና ከነዳጅ ኩባንያው ሰዎች ጋር የተዋወቀችው በሱ ነው። ማልቀስ የሰለቻት ቀን ቢሯቸው ገብታ «ወኪል አድርጉኝ» አለቻቸው፤ አደረጓት። አክስቴ እንዲህ ናት። እምቢ ብሎ ከሷ ጋር ከመዋል እሺ ማለት ይቀላል።

ዛሬ ልጆቼ እንዲህ ያለውን ነገር «ፍራንቻይዝ» ይሉታል። እኛ ያኔ ስሙን አናውቀውም፤ ጣጣውን ግን አሳምረን አውቀነዋል። ኩባንያው የውጭ ነው፤ በዚያ ሁሉ ውርስ መሐል እንዴት እንደተረፈ እኔን አትጠይቁኝ። አክስቴ ከማደያው ጎን የሞተር ዘይት፣ ጎማና ባትሪ የምትሸጥበት ሱቅ በራሷ ወጪ ማሠራት አለባት። የሱቁ ቀለም ግን የነሱ፣ የበሩ ስፋት የነሱ፣ የመደርደሪያው ቁመት የነሱ፣ ሽንት ቤቱ የሚቆምበት ቦታ ሳይቀር የነሱ ምርጫ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ተሾምኩ። እኔ ሳነብላት እሷ መቀመጫዋ ላይ ትቁነጠነጣለች።

«ቆይ፣ ቆይ። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ቀለሙ የኩባንያው።»

«አዎ።»

«ታዲያ የኔ ምኑ ነው?»

«ወጪው» አልኳት።

ጫማዋን ልትወረውርብኝ አወለቀችና ሳቋ አሸንፏት መልሳ አደረገችው።

ንድፉን የሚሠራው አርክቴክት ኩባንያው የተቀበለው ሰው መሆን አለበት ተባለ። እሱ አላስቸገረም። ውጭ አገር የተማረ ሰው ስለነበር ገና ስሙ ሲጠራ ጸደቀ። አንድ ቀን መጥቶ ቦታውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ሄደ። ንድፉ ሲመጣ ግን ሽንት ቤቱ ከመንገዱ ፊት ለፊት ነው፤ ይሄኔ ጉድ ፈላ። አክስቴ ቢሯቸው ድረስ ሄዳ፣ «በየትኛው አገር ነው ሽንት ቤት እንግዳ የሚቀበለው?» ብላ ጮኸች። ሾፌር ከሩቅ እንዲያየው ነው አሏት። «ሲቸግረው ይጠይቀኛል! አፍ የለውም?» ብትልም አልሰሟትም።

ትልቁ ጣጣ ግን ገንቢው ነው። ኩባንያው ሥራውን በዓይኑ ያላየለትን ኮንትራክተር አያስገባም። አክስቴ ደግሞ ከወንድሟ፣ ማለትም ከአባቴ በስተቀር ማንም ድንጋይ እንዲያነሳላት አትፈልግም።

አባቴ የታወቀ ኮንትራክተር ነበር። ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያም አልፎ እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ እሱ ያቆማቸው ቪላዎች ብዙ ናቸው። ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ ግን ሥራው አብሮ ተወረሰ። ከዚያ ወዲያ ማን ሞኝ ቤት ያሠራል? አባቴ ከነመሣሪያው ቤት ዋለ። ሥራ የፈታ ግንበኛ ቤት ሲውል አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ደህናውን አጥር አፍርሶ መልሶ ይሠራዋል። የዶሮ ቤታችንን ደጋግሞ ከማፍረሱ የተነሳ ዶሮዎቹ ማታ የሚገቡበት ጠፍቷቸው ወጥ ቤት ያድሩ ጀመር። እናቴ፣ «ይሄ ሰው ሥራ ካላገኘ እኔንም አፍርሶ ይሠራኛል» እያለች ታስቀን ነበር።

ከዚያ የዶሮ ቤቱንም ተወው። ያን ጊዜ ሳቃችን ቆመ። ጠዋት ለባብሶ ይወጣና በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ምሳ ሲሉት ይገባል፣ በልቶ ይወጣል። ሲያናግሩት መልሱ «እህ» ነው። አንድ ቀን አክስቴ ለእናቴ፣ «ይሄን ሱቅ ካልሠራ ወንድሜ እንደተቀመጠ ማለቁ ነው» ስትላት ሰማሁ። ስለዚህ ነገሩ ለኛ የሱቅ ጉዳይ አልነበረም። አባቴን የሚመልስልን ሥራ ፍለጋ ነበር።

ኩባንያው መሐንዲሱን ላከ። ቀጠን ያለ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። «ጋሼ፣ የሠሯቸውን ቤቶች ያሳዩኝ፤ ካየሁ በኋላ አሳውቅዎታለሁ» አለው አባቴን። አባቴ ሁለት ቤቶች መረጠ። በቀጠሮው ጠዋት የቆየ ሱፉን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ በመሐንዲሱ ላንድሮቨር ከሹፌሩና ከመሐንዲሱ ጋር ከፊት ተቀመጠ። አክስቴና እኔ ከኋላ ገባን። እኔ እንኳ እንግሊዝኛ ቢያስፈልግ ነው። አክስቴ ለምን እንደመጣች የጠየቃት የለም።

የመጀመሪያው ቤት ሾላ ነው፤ አባቴ ለአንድ ነጋዴ የሠራው ቪላ። ቀበሌ ከተረከበው ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ተከፋፍሎ ይኖርበታል። መሐንዲሱ ከኪሱ ሜትር፣ ከቦርሳው ትንሽ መዶሻ አወጣና ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገ።

«መጡ! ኧረ ውጡ፣ ለጥገና መጡ!» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ከየክፍሉ ሰው ፈሰሰ። ለካ እነዚህ ሰዎች ቤቱ ይጠገንልን እያሉ ሲያመለክቱ ዓመታት አልፈዋል። ክራቫት ያሰረ ሰው ግድግዳ ሲያንኳኳ ሲያዩ ሌላ ምን ያስቡ! ሻሽ ያሰረች ደልደል ያለች ሴትዮ መሐንዲሱን ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

«ጌታዬ፣ ይሄን ግድግዳ ያዩታል? ማታ ማታ ይንቀሳቀሳል!»

«ግድግዳው ይንቀሳቀሳል?»

«ይተነፍሳል እንጂ! ክረምት ሲገባማ ምሳ የምንበላው ጃንጥላ ዘርግተን ነው።»

ሌላው ወለሉ ሰምጧል አለ። ሌላዋ በሩ ልጇን ሊገድለው ነበር አለች። እኔ ባየው ባየው ወለሉ ቀጥ ያለ፣ በሩም በአንድ ጣት የሚዘጋ ነው። አክስቴ አላስችላት አለና፣ «ኧረ እኚህ ሰው ለጥገና አይደለም የመጡት!» ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ባለፈውም እንዲሁ ብለው ነው የሄዱት» አለችና ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «ይሄን ቤት የሠራው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ብቻ እጁ ይሰበር!»

ባለ እጁ አጠገቧ ቆሟል። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ጋሼ፣ ጣራው ያፈሳል?» አለው መሐንዲሱ።

«አያፈስም» አለ አባቴ፣ በቀስታ።

«እርስዎ በምን ያውቃሉ? እዚህ ነው የሚያድሩት?» አለች ሴትዮዋ። ያን ያህል ሲሰድቡት ዝም የሚል አባት አልነበረኝም፤ የበረንዳው ዝምታ ተከትሎት መጥቷል ማለት ነው። መሐንዲሱ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ቤት እንደሚያይ ነግሮን ምሳውን ሊበላ ሄደ። አባቴንም ይዞት ሄደ።

አክስቴ መንገድ ዳር ቆማ አሰበች። እሷ ስታስብ እኔ መፍራት እጀምራለሁ።

«እዚያም ቤት ሰው አለ» አለች። «እዚያም ጣራ አለ። ቀድመን መሄድ አለብን።»

«ሄደን እውነቱን እንንገራቸው» አልኳት።

«እውነቱንማ እዚህም ነገርናቸው፤ ማን አመነን?»

ውይይት ታክሲ ይዘን የካ ሚካኤል ጋ ወረድን። ሁለተኛው ቤት ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ እሱም የቀበሌ ነው። አክስቴ ግቢው መሐል ቆማ ነዋሪዎቹን ሰበሰበችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ አንድ ሰውዬ ቤቱን ሊያይ ይመጣል። ቤቱ ተበላሽቷል ካለ ሊያፈርሱት ነው። እናንተንም አንስተው ካራ ጫካ ውስጥ ነው የሚያሰፍሯችሁ። እኔ የለሁበትም፤ ስታሳዝኑኝ ነው የነገርኳችሁ» አለቻቸው። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ካራ ጫካ የምሄድ መሰለኝ።

መሐንዲሱና አባቴ ሲደርሱ ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ሰዉ እንደ ሙሽራ ሚዜ በሁለት ረድፍ ቆሟል። «እንኳን ደህና መጡ! ቤታችን ቤት አይደለም፣ ቤተ መንግሥት ነው!» አሉ አንድ ጡረተኛ አዛውንት። መሐንዲሱ መዶሻውን አውጥቶ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ አንድ ጎረምሳ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ክንዱን ዘረጋ።

«ፈቀቅ በልልኝ እስቲ።»

«እዚህ ጋ መቆም ደስ ይለኛል፣ ጌታዬ።»

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አዲስ አልጋ ልብስ ከጣራ እስከ ወለል ተሰቅሏል። መሐንዲሱ ጫፉን ያዝ አድርጎ ገለጠው። ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን የሚያህል እርጥበት አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጌጥ ነው» አለች ባለቤቲቱ።

«ውሃ ያስገባል እንዴ?»

«ኧረ በስማም! እንኳን ውሃ ሊያስገባ፣ እዚህ ሰፈር ዝናብ ራሱ አይዘንብም!»

ይህን ስትል በመስኮቱ በኩል እንጦጦ ጠቁሮ ይታያል። ወዲያው ነጎደ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ስል አስነጠሰኝ። መሐንዲሱ አልጋ ልብሱን በጥንቃቄ መልሶ ዘረጋው። «ከኛ በፊት እዚህ የመጣ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የግቢው ሰው በሙሉ አክስቴን አያት። አክስቴ ጣራውን አየች።

ውጭ ስንወጣ መሐንዲሱ አባቴን፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ያየሁት ቤት ደህና ነው፤ ሰዉ ሊወድቅ ነው አለኝ። ይሄኛው ትንሽ እርጥበት ነክቶታል፤ ሰዉ ቤተ መንግሥት ነው አለኝ። በዚህ ሁኔታ እንዴት አድርጌ ነው የማጸድቅልዎ?» አለው። አባቴ «እህ» እንኳ አላለም። አለቀልን፣ ነገ ጠዋት ተመልሶ በረንዳው ላይ ነው፣ አልኩ።

መሐንዲሱ የመኪናውን በር እንደያዘ ቆሞ፣ «ለራስዎ ብለው የሠሩት ቤት የለም?» አለ።

«የለም» አለ አባቴ።

«አለ እንጂ!» አለች አክስቴ። «ከፈረንሳይ በላይ ያለውስ?»

አባቴ እንደዚያ ቀን ክፉ አድርጎ ሲያያት አይቼ አላውቅም። ያ ቤት እኛ ቤት የማይነሳ ስም ነው። እሱና እናቴ ብዙ ዓመት ያሰቡት፣ ክፍል በክፍል የተማከሩበት ነበር። አዋጁ ሲወጣ የቀረው የበር ቀለም ብቻ ነው። እኛ ገና ሾላ ባለችው ትንሿ ቤት ነበርን። «የምትኖሩት እዚህ ነው፤ ያኛው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ትርፍ ነው» ተባለና ሳንገባበት ሄደ። ይባስ ብሎ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወላጆቼ በዚያ መንገድ አልፈው አያውቁም።

«እሱን አሳዩኝ» አለ መሐንዲሱ።

ስንደርስ በሩ ላይ ጠብመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ራሱ ወጣ፤ ካኪ የለበሰ፣ እጁን ወደ ኋላ ያደረገ ሰው ነው። «ጉዳያችሁ ምንድነው?» አለ። መሐንዲሱ በትሕትና፣ «የቤቱን አሠራር ለማየት ነው። የሠራው ሰው ለኩባንያችን ሊሠራ ስላመለከተ ነው» ብሎ አስረዳው።

«የሠራው ማነው?»

አፍ አልባ የሆነች አክስት ያየሁት ያኔ ነው። የተወረሰበት ሰው የቀድሞ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሲገኝ ምን ስም እንደሚወጣለት ሁላችንም እናውቃለን። ያ ስም ከወጣ ደግሞ እንኳን ሱቅ መሥራት፣ ማታ ቤት መግባትም ያጠራጥራል። አባቴን ዞር ብዬ ሳይ አጠገቤ የለም።

ጠባቂውን አልፎ ገብቷል። እየተሯሯጥን ስንገባ ሳሎኑ መሐል ቆሟል። ግድግዳው ላይ ሦስቱ ባለ ጺሞች በትልቅ ክፈፍ ተሰቅለዋል። አባቴ ግን ሥዕሉን አይደለም የሚያየው።

«ይሄን ሚስማር እዚህ ላይ ማነው የመታው?»

ድምፁ ቤቱን ሞላው። በዚያ ሁሉ ወራት ያልሰማነው፣ ድሮ ሠራተኛ ሲያጠፋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማው ድምፁ ነው። «ከሥሩ የውሃ ቧንቧ አለ እኮ! ጥቂት ገባ ቢል ቤቱን በሙሉ ታበሰብሱት ነበር! መዶሻ የጨበጠ ሁሉ ግድግዳ ይወጋል እንዴ? ሰው አይጠየቅም? ይሄን ልስን በገዛ እጄ ነው የጨረስኩት!»

ጠባቂው ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አክስቴ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ታደርጋለች። ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ተጠጋ።

«የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «እርስዎን ምን ያንገበግብዎታል? ቤቱ እንደሆነ የሕዝብ ነው።»

«የሕዝብ ከሆነማ ለምን ታበላሹታላችሁ?» አለ አባቴ።

ሊቀመንበሩ ሚስማሩን አየ፣ አባቴን አየ፣ ደግሞ ሚስማሩን አየ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ክፈፉን በሁለት እጁ አውርዶ ለጠባቂው አስያዘው። ጠባቂው ባለ ጺሞቹን አቅፎ ጠብመንጃውን የሚያደርግበት ጠፋው። አባቴ የመሐንዲሱን መዶሻ ተቀብሎ ሚስማሩን ነቀለ፤ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ታዲያ የት ልስቀለው?» አለ ሊቀመንበሩ፣ አሁን ትንሽ ያኮረፈ ልጅ መስሎ።

«እዚህ ጋ ከውስጥ እንጨት አለ» አለና አባቴ ራሱ መትቶ ሰቀለላቸው። ተዛንፎ እንደሆነም ወደ ኋላ ብሎ አየ።

ሊቀመንበሩ ተሳሳተና፣ «ሌላም ያበላሸነው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ወይ ጉድ! አባቴ ክፍል በክፍል ይዞት ዞረ። የመዝገብ መደርደሪያው መስኮቱን ለምን ይጋርዳል? ይሄ በር ዘይት ካየ ስንት ጊዜው ነው? ምድጃ የሳሎን ወለል ላይ ይቀመጣል? ሊቀመንበሩ «እሺ፣ እሺ» ይላል። አንዷ ጸሐፊ ማንም ሳያዛት ምድጃውን አንስታ ወጣች። መሐንዲሱ ከኋላ ይከተላል እንጂ አንድም ግድግዳ አላንኳኳም።

መኪና ውስጥ ስንገባ መሐንዲሱ ወደ አክስቴ ዞሮ፣ «ሱቁን እሳቸው ይገነቡታል» አላት።

«ሳያንኳኩ?» አልኩት እኔ፣ አፌን ምን እንዳከፈተኝ እንጃ።

«የተወሰደበት ቤት ላይ ለተመታ ሚስማር እንዲህ የሚቆጣ ሰው፣ የእህቱን ሱቅ አያበላሽም» አለ።

አክስቴ ዕልልታውን አቀለጠችው። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። አባቴ፣ ወደ ኋላ በመስታወቱ ሲያይ የቆየው ሰው፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ «ምንድነው?» አለ።

«ጸደቀልህ!»

«ምኑ?»

«ሱቁ ነዋ!»

«እ፣ ሱቁ» አለ። «እሱማ ይሠራል።» ደግሞ ወደ ኋላ ዞረ።

ቤት ስንደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ቀኑን ሙሉ ምን ስትል እንደዋለች ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «እህስ?» አለችው። «ፈቀዱልህ?»

አክስቴ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። አባቴ ግን ባርኔጣውን አወለቀና፣ «ቤቱ ደህና ነው» አላት።

እናቴ የቱ ቤት አላለችም። በሩን ተደግፋ፣ «ጣራውስ?» አለች።

«አያፈስም።»

«ወለሉስ? አልተላጠም?»

«ያው ነው። ትንሽ በሰም ቢወለውሉት ያበራል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። ከዚያ እጁን ይዛ አስገባችው። ራት እስኪቀርብ ክፍል በክፍል ጠየቀችው፣ ክፍል በክፍል መለሰላት፤ መኝታ ቤቱ አሁን የሥልጠና አዳራሽ መሆኑን ሲነግራት ሁለቱም ሳቁ። አክስቴ እንኳ ጣልቃ አልገባችም። የሱቁ ፈቃድ መገኘቱን ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እሱም በማግስቱ፣ አባቴ ገና በጠዋቱ ሠራተኛ ሊፈልግ ከወጣ በኋላ ነው።